ከመርሳ እስከ ሐራ ደመና ስንከተል

መርሳ ያለው የአየር ጠባይ ጣቢያችን አሁን ሰው የለበትም። እኔ ቀን ከሌት እየተመላለስኩ ቴርሞሜትር የማነብበት ግቢ ውስጥ አንድ ቀጭን የብረት ምሰሶ ተተክሏል። ሙቀቱንም፣ ንፋሱንም፣ ዝናቡንም ራሱ ለክቶ ራሱ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ሻይ ልጠጣ አይልም፣ አያረጅም፣ እድገት ከለከሉኝ ብሎ አያኮርፍም። የድሮዎቹ መሣሪያዎች በጦርነቱ ጊዜ ጠፍተው ነበር፤ የእኔም ጡረታ በዚያው ሰሞን ደረሰ፤ እናም እኔና መሣሪያዎቹ አንድ ላይ ተተካን። በመሸኛዬ ዕለት ጋቢ አለበሱኝና አንድ እንግዳ ተነሥቶ "ሰማይን ያገለገሉ አባት" ብሎ አመሰገነኝ። ሰማይን አላገለገልኩም። ሰማዩ እኔን አያውቀኝም።

ስሜ ሰይድ ነው፤ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ሀብሩ ነው። ሥራውን የጀመርኩት ግን ወልድያ ነው፤ የዚያን ጊዜው ኃላፊ ጋሽ ሙሉጌታ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሳቅ የማይታሙ፣ ክረምት ከበጋ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይወርድ ሰው። የተቀጠርኩ ሰሞን ግቢው መሐል አቁመውኝ ከተራራው ላይ የተቆለለ ደመና አሳዩኝ።

"አየኸው?"

"አየሁት ጋሼ።"

"ምኑን አየኸው?"

"ነጭ ነው፤ ራሱ በጣም ከፍ ብሏል።"

"ራሱንማ ሕፃን ልጅም ያየዋል። እግሩን እይ። ክፉ ነገር የሚወርደው ከእግሩ ነው።"

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ያላወቃቸው ሰው ይስቅባቸው ነበር። ደመናውን ደህና አድርገው ካዩ በኋላ ዞር ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውት ዝም ብለው ይቆማሉ። ንፋሱ ጀርባቸውን ከመታቸው ደመናው እያፈሰሰ ወደ እኛ እየመጣ ነው። ፊታቸውን ከመታቸው ደግሞ ደመናው ንፋሱን ወደ ራሱ እየሳበ ነው ማለት ነው። "ይጠጣል" ይሉ ነበር፤ "ገና አልጠገበም፤ ይህን ፍራው።" እኔም ተማርኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ደመና ባየሁ ቁጥር ዞሬ መቆሜ አልቀረም፤ ባለቤቴ ከጎረቤት ጋር የተኮራረፍኩ እየመሰላት ትቆጣኛለች።

ደመና ወደ ቢሮ አይመጣልንም፣ እኛ እንሂድለት የሚለውን ነገር የጀመሩትም እሳቸው ናቸው። በረዶ ጣለ በተባለበት ቦታ ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ እንሄዳለን፤ አንዳንዴም ሳይጥል ቀድመነው እንደርሳለን። ሾፌራችን ካሳው የወልድያ ልጅ ነው፤ ሞተር ከሰው ይልቅ የሚወድ፣ በመንገድ ላይ ሁሉ የሚያጉረመርም፣ ግን አንድም ቀን አልሄድም ያላለ። ገበሬውን በረዶው ሽንብራ ያክላል ወይስ ባቄላ ብለን እንጠይቃለን። ጋሽ ሙሉጌታ ያልቀለጠ ካገኙ በሰንጢ ለሁለት ሰንጥቀው ውስጡን ያሳዩኛል፤ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። ድርቡ በበዛ ቁጥር በረዶው ደመናው ውስጥ ብዙ ጊዜ ወጥቶ ወርዷል፤ እንዲያ የሚያንገላታ ደመና ደግሞ ጉልበተኛ ነው። አንድ አለቃ ነበረን፣ ነዳጅ ስንጠይቀው ደመናው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁኝ የሚል። ጋሽ ሙሉጌታ "እንጃ" ብለው ጽፈው ላኩለት። ነዳጁ ተፈቀደ፤ እንዴት እንደተፈቀደ እስካሁን አይገባኝም።

መርሳ ከተዛወርኩ በኋላ ነው ከሸህ ይማም ጋር የተዋወቅነው። ሸህ ይማም ከሐራ ወዲህ ባለው ሜዳ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ የውኃ አባትም ናቸው፤ ማለትም ጎርፍ የሚያከፋፍሉ ሰው። በዚያ ሜዳ ዝናብ እንደ ልብ አይጥልም። የሚጥለው ከላይ፣ ደጋው ላይ ነው፤ ደጋው ሲመታ ከዓመት ዓመት አሸዋ ብቻ የሆነው ወንዝ ድንገት ሞልቶ ይወርዳል። ገበሬው ያንን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ያስገባዋል። ዳር ቆሞ ግን አይጠለፍም። ጎርፉ ሳይደርስ አሸዋው ውስጥ ገብቶ፣ በበሬ አፈር እየገፋ፣ እሾህና ድንጋይ እየደረበ ወንዙን በሰያፍ የሚያቋርጥ ክትር መሥራት አለበት። የቀደመው ክትር ሁልጊዜ ባለፈው ጎርፍ ፈርሶ ነው የሚገኘው። ያልደረሰ ሰው ውኃው በፊቱ አልፎ ወደ አፋር ሲወርድ ቆሞ ያያል። ስለዚህ ሌላው ሰው ጎርፍ መጣ ሲባል ወደ ኮረብታ ሲሮጥ፣ እነሱ ወደ ወንዙ ይሮጣሉ።

ስልክ በየኪሱ ከገባ ወዲህ ደመናው ደጋው ላይ ሲቆለል ለሸህ ይማም መደወል ጀመርኩ። ያዘዘኝ የለም፤ የሥራዬ ድርሻም አልነበረም። ዱሮ ከጉብታ ላይ ሰው አቁመው በጩኸት ነበር የሚጠራሩት፤ አሁን ጎርፉ ሳይነሣ ወሬው ይደርሳቸዋል፤ ክትራቸውም እየሰፋ እየጠነከረ ሄደ። በእሸት ጊዜ የማሽላ እሸት ጭነው ጣቢያው ድረስ ያመጡልኝ ነበር። ኩራቴን ልነግራችሁ አልችልም። የለካሁት ነገር ሁሉ ወደ ሩቅ ቢሮ ሄዶ ሲቀር ኖሯል፤ ይህ ግን እህል ሆኖ በዓይኔ አየሁት።

ጋሽ ሙሉጌታ ጡረታ ወጥተው ወልድያ ተቀምጠው ነበር። ልጠይቃቸው ሄጄ ይህንኑ በደስታ አወራሁላቸው።

"ስትደውልላቸው የት ይሄዳሉ?" አሉኝ።

"ወደ ወንዛቸው ነዋ ጋሼ።"

"ጎርፍ ይመጣል እያልካቸው?"

"ጎርፉን እኮ ነው የሚፈልጉት።"

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "ውጡ የምትልበት ቀን ቢመጣስ፣ ምን ብለህ ልታስወጣቸው ነው?" አሉኝ። ሳቅኩ። ያረጁ መስሎኝ ነው። በዓመቱ ዐረፉ።

ያ ቀን ሐምሌ መገባደጃ ነበር። ዝናቡ ሰኔ ላይ ብቅ ብሎ ጠፍቷል፤ ሜዳው ላይ ያለው ማሽላ ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሯል። እኔና ከወልድያ መኪናውን ይዞ የመጣው ካሳው የተሰበረ የዝናብ መለኪያ ለመቀየር ውርጌሳ ሄደን ሳለን ረፋዱ ላይ ደመናው በምዕራብ በኩል ተራራው ጫፍ ላይ ወጣ። ደስ ብሎኝ ደወልኩ።

"አሰላሙ አለይኩም ሸህ ይማም። ደህና አደሩ?"

"ወአለይኩም ሰላም፣ ሰይድ። አልሃምዱሊላህ። ኸይር ነው?"

"ኸይር ነው። ዛሬ ደጋው ይመታል። ከሰዓት በኋላ ጎርፍ ሳይወርድላችሁ አይቀርም።"

"ያ ረቢ። ማሽላውስ ሊሞትብን ነበር። በል ሰው ላውጣ። ዱዓ አድርግልን።"

ስልኩን ዘግቼ ሥራችንን ጨረስን፤ ምሳ ልንበላ አንዲት ቤት ገባን። ስንበላ የበሩ መጋረጃ ወደ ውጭ እየተነፋ ቆየ፤ ልብ አላልኩትም። ካሳው "ዛሬ ንፋሱ ምን ነካው?" ሲል ነው ተነሥቼ የወጣሁት። ደመናው ተራራውን ሁሉ ሸፍኖታል። እግሩ ጠቁሯል፤ ጥቁረቱም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው። ዞሬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ከአፋር በኩል የሚመጣው ትኩስ ንፋስ ፊቴን መታኝ፤ አቧራው፣ ገለባው፣ ፌስታሉ ሁሉ በአጠገቤ እያለፈ ወደ ተራራው ይሄዳል። እንዲህ አድርጎ የሚጠጣ ደመና ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ካሳውን ከነጉርሻው አስነሣሁት።

ወደ መርሳ ስንመለስ ደመናው በግራችን ነበር። ሲሄድ እንይ ብለን ከአንድ ዛፍ ጋር እያስተያየን ጠበቅነው፤ አይሄድም። ቆሟል። ቆሞም ይዞራል። ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው እግሩ አውድማ ላይ እንዳሉ በሬዎች በዝግታ ይዞር ነበር። እንዲህ ያለውን ደመና በሥልጠና ጊዜ በሥዕል ነው የማውቀው፤ የሌላ አገር የሰፊ ሜዳ ደመና ነው፣ እኛን አይመለከተንም ብለውን አልፈነው ነበር።

መርሳ ልንገባ ስንል ከእግሩ ቀጭን ጭራ ወረደ።

"ጭስ ነው?" አለ ካሳው።

"አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"እንጃ።"

አማተበ፤ እኔም ቢስሚላህ አልኩ። ጭራው እየተጣመመ አንድ ጉብታ ነካ፤ የሆነ ቤት ቆርቆሮ ተነሥቶ አየር ላይ ሲገለባበጥ አየን፤ ከዚያ ጭራው ተሰበሰበና ጠፋ። ካሳው መኪናውን ዳር አቁሞ ነበር። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ በዚያች ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰማይ ሳይ ኖሬ ሰማዩ ገና ያኔ ፊቱን የገለጠልኝ መሰለኝ። በረዶው ሲጀምር ነው የነቃሁት። እንቁላል የሚያክል ነው፤ የመኪናውን ጣሪያ እንደ ከበሮ መታው፤ የፊት መስተዋቱ ተሰነጠቀ። አንዱን አንሥቼ በሰንጢ ሰነጠቅኩት። ድርቡ ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ይህ ደመና እንደሌላው እየሄደ አያፈስም፤ በቆመበት ሁሉንም አንድ ቦታ ያራግፋል። የቆመው ደግሞ የሸህ ይማም ወንዝ ከሚነሣበት ተራራ ላይ ነው። እሳቸውም ሰዉን ይዘው አሸዋው ውስጥ ናቸው፤ የጠራኋቸው እኔ ነኝ።

ደወልኩ። ይጠራል፤ አይነሣም። ሸህ ይማም ሲሠሩ ኮታቸውን ከነስልካቸው ዳር ያለ ግራር ላይ እንደሚሰቅሉ አውቃለሁ። ደጋግሜ ስደውል መጥራቱንም አቆመ፤ መስመሩ ጠፋ።

"ካሳው፣ ሐራ።"

"በዚህ መስተዋት?"

"ሰዎቹ ወንዙ ውስጥ ናቸው።"

የበሩን መስኮት ከፍቶ አንገቱን ወደ ውጭ እያወጣ ነው የነዳው። መርሳን አልፈን ወደ ወልድያ አቅጣጫ ሄድን፤ ከዚያ ወደ ሐራ በሚያስገባው መንገድ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ሜዳው ላይ ጠብታ የለም፤ ፀሐይ ነው። ከኋላችን ጥቁር፣ ከፊታችን ብሩህ። ግመል የሚነዱ ሰዎች ቆመው የተሰነጠቀ መስተዋታችንን ያያሉ። ካሳው በየጉድጓዱ ላይ መኪናውን ሲያዘልለው እኔ የምለውን ቃል ፈለግኩ። ጎርፍ መጣላችሁ እንዳልል፣ የሚጠብቁት እሱን ነው። ትልቅ ነው ብላቸው ደግሞ ደስ ይላቸዋል።

ከባቡር ሐዲዱ ድልድል ላይ ሆነን ስናይ ወንዙ ውስጥ ሰው እንደ ገበያ ሞልቷል። በሬዎች አፈር ይገፋሉ፤ ወጣቶች እሾህ ይጎትታሉ፤ ክትሩ ወንዙን ሊያቋርጥ ምንም አልቀረውም። ካሳው ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ነፋ። ቀና ብለው አዩን፤ መኪናዋን ሁሉም ያውቃታል። እጃቸውን አውለበለቡልን፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ጎንበስ ብለው ሥራቸውን አፋጠኑ። ጥሩምባው ፍጠኑ የሚላቸው መስሏቸዋል። ያ ነገር ከዓይኔ አይጠፋም።

ወርጄ ሮጥኩ። ሸህ ይማም አካፋቸውን ተደግፈው ላባቸውን እየጠረጉ ቆዩኝ።

"ደረሰ?" አሉኝ።

"ይውጡ ሸህ ይማም። ሰዉን ያስወጡ።"

"ይችን ጫፍ ብቻ እንድፈናት። ትንሽ ነው የቀረን።"

"ወላሂ ይህ የሚጠለፍ አይደለም። ይህን ዓይነት አይቼ አላውቅም።"

"አንተ አይተህ የማታውቀው አለ?"

የሰነጠቅኩትን በረዶ በመሀረብ ቋጥሬ ይዤው ነበር፤ ግማሹ ቀልጧል፤ የተረፈውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። አዩት፤ ጠብታ ወደማይወርድበት ሰማይ ቀና አሉ፤ እንደገና እጃቸውን አዩ። ከዚያ አካፋውን ጣሉና በማላውቀው ድምፅ "ውጡ" ብለው ጮኹ። እሳቸው ሲሉት ሰዉ ወጣ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የእርጥብ አፈር ሽታ። ከዚያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዳር ወጥተን ሰው ስንቆጥር የሸህ ይማም ትልቁ ልጅ ዓሊ በሬዎቹን ሊፈታ ሲመለስ አየነው። ቀንበራቸው እሾሁ ውስጥ ተሰክቶ እግራቸውን ያነሣሉ እንጂ አይንቀሳቀሱም። በሬ ጥሎ የሚወጣ ገበሬ የለም። አባቱ "ተዋቸው፣ ዓሊ፣ ተዋቸው" እያሉ ተጣሩ። አንዱን ፈታው። በሬው ሮጦ ወደ እኛ ወጣ። ሁለተኛውን ሲፈታ ጎርፉ ከመታጠፊያው ብቅ አለ፤ ውኃ አይመስልም፤ ግንድና ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ ግድግዳ ነው። ክትሩን እንዳለም አልቆጠረው።

ዓሊን ያገኙት በነጋታው ነው፤ ከሜዳው ወዲያ፣ ወደ አፋር መውረጃው ላይ።

ለቅሶው ላይ ሸህ ይማምን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ራሳቸው ተነሥተው አጠገቤ ተቀመጡ። "አብሽር" አሉኝ። "የአላህ ውሳኔ ነው። አንተ ይመጣል ያልከው መጥቷል። ዋሽተኸኝ አታውቅም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "መደወሉን እንዳትተው" አሉኝ። ውኃ የሚያስፈልገው ማሽላ ገና ማሳው ላይ ቆሟል፤ ዓሊ የተዋቸው ልጆችም አሉ። እደውላለሁ አልኩ። ለዋና ቢሮ በላኩት ሪፖርት ውስጥ የዚያ ቀን ዝናብ መርሳ ላይ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ደመናው ከመለኪያችን ራቅ ብሎ ነው የቆመው።

ቀጥሎ ባሉት ክረምቶች ደወልኩ፤ ግን እየፈራሁ። ጦርነቱ መጣ፣ አለፈ፤ ምሰሶው ተተከለ፤ እኔም ጋቢዬን ለብሼ ቤቴ ገባሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ብሎ ይደውላል ብዬ ተውኩት። ያለፈው ክረምት ግን ስልኬ ጮኸ፤ ሸህ ይማም ናቸው። ያ ዓመትም ዝናቡ ጠፍቶ ነበር።

"ሰይድ፣ ደመናው ደጋው ላይ ቆሟል። ከዚህ ሆኜ እግሩ አይታየኝም። እንግባ ወይስ እንቅር?"

ወደ ደጅ ወጣሁ። የጎረቤት ፎቅ ከልሎኝ ግማሹን ብቻ አየሁት። ዞሬ ቆምኩ። ንፋሱ ፊቴን ነካ አደረገኝ፤ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በእጄ ሌላ ምንም መሣሪያ የለም። ጋሽ ሙሉጌታ ቢሆኑ እንጃ ይሉ ነበር። ያ ግንድ የተሸከመ ግድግዳ፣ ያ ያልተፈታ በሬ መጣብኝ።

"ቅሩ" አልኩ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ይቅሩ ሸህ ይማም።"

ቀሩ። ጎርፉ ከሰዓት በኋላ ወረደ፤ ከጉልበት የማያልፍ፣ ለጠለፋ ተመኝተው የማያገኙት ዓይነት ነበር አሉ። ሰዉ ሁሉ ዳር ተደርድሮ በፊቱ ሲያልፍ አየው። ከዚያ በኋላ ሌላ አልመጣም። ማሽላው እንደቆመ ደረቀ።

ጥር ላይ መርሳ ገበያ እህል ተራ ላይ አገኘኋቸው። ዱሮ ማሽላ ጭነው የሚመጡበት ቦታ ነው፤ አሁን ከሻጩ ፊት ቆመው በእፍኛቸው እየዘገኑ ያያሉ። ሊገዙ ነው። ልሸሽ ነበር፤ አዩኝ። ጨበጡኝ፣ ትከሻዬን በትከሻቸው ገጩ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ስለ ክረምቱ ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

"አብሽር። ሰው ተርፏል።"

እህሉ ተሰፍሮ እስኪያልቅ ጆንያውን ያዝኩላቸው። የጆንያውን አፍ እያሰሩ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ እንዲህ አሉኝ።

"ያችን ቅሩ የምትለዋን ቃል ለዓሊ ጊዜ ብትላት ኖሮ።"

ጆንያውን አንሥቼ ባጃጁ ላይ ጫንኩላቸው። ብቻዬን የማነሣው አልመሰለኝም ነበር፤ ቀላል ነው።